ማር የገባበት ወተት

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሙሽራ ነኝ። እሁድ ልብሴን አጥባለሁ።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዬ ነው። ቬሎ የሚሰፋበት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሩቅ ያሉ ሙሽሮች ልካቸውን ይልካሉ፣ እኛ እንሰፋለን፣ ልብሱ ከመላኩ በፊት ደግሞ ለብሶት የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። አለቃችን ጋሼ ሜትር ይባላሉ፤ የመለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ነው። እኔን የመረጡበትንም ምክንያት በሰው ፊት ይናገሩታል። «ወፍራም ሰው አይቀነስም፤ ለቀጭን ግን ጥጥ ይጠቀጠቅለታል» ይላሉ። እናም ደረቴ ላይ ጥጥ፣ ዳሌዬ ላይ ጥጥ እየተጠቀጠቀልኝ የሌላ ሴት ደስታ ለብሼ መስታወት ፊት እቆማለሁ። የቤቱ ሰው «መርፌ» ይለኛል። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ሌላ ነበር፤ ከእሷ በኋላ ግን በዚያ የሚጠራኝ አልተገኘም።

ሰው ቀጭን ሲያይ ሁለት ነገር ይላል፤ ወይ «ታድለሽ!» ወይ «ብዪ እንጂ!»። ሁለቱንም ጠግቤያለሁ። «ታድለሽ» የሚሉኝ ሴቶች በየጠዋቱ በር ቆልፌ አገጬ ሥር የሚበቅለውን ጥቁር ፀጉር በወረንጦ እንደምነቅል አያውቁም። የወር አበባዬ ደግሞ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ዓመቱን ዘሎ ያልፋል። የሄድኩባቸው ሐኪሞች ገና ከበሩ ስገባ አይተውኝ ይጨርሳሉ። «ሐሳብ ነው፤ በደንብ ብዪ፣ በደንብ ተኚ» ብለው ይሸኙኛል።

ቀያሹን ያገኘሁት ቬሎ ለብሼ ነው። የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ወር ሙሉ ሜዳ ለሜዳ መሬት ሲለካ ይከርምና አንገቱን ፀሐይ አቃጥሎት ይመለሳል። እናቱ የጨርቅ አከፋፋይ ናቸው። እኛ ቤት የሚገባው ዳንቴል ሁሉ ከእሳቸው መጋዘን ስለሆነ እሳቸው ሲገቡ ጋሼ ሜትር እንኳ ከወንበራቸው ይነሳሉ። አንድ ቀን ልጁ የዳንቴል ጥቅል በትከሻው ተሸክሞ ሲገባ እኔ መስታወቱ ፊት ቆሜያለሁ። ጥቅሉን ማውረድ ረስቶ አየኝና «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ።

«ማን አግብቶኝ?» አልኩት።

«ማንም ካላገባሽማ…» ብሎ ጀመረና ጆሮው ቀላ። የቬሎ ቁልፍ የምትተክለው ባልደረባዬ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳንቴል የሚያመጣው የእናቱ ሾፌር መሆኑ ቀርቶ እሱ ሆነ።

እኔ ለብቻ መኖርን ለምጄው ነበር። አንዲት ክፍል፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ። እሱ ከመጣ ወዲህ ሁለተኛ ብርጭቆ ገዛሁ። ከሜዳ ሲደውልልኝ ከጀርባው ነፋስ ይሰማል። «ዛሬስ ስንት ጊዜ ሙሽራ ሆንሽ?» ይለኛል። «ሁለት ጊዜ ተዳርኩ፣ ባል የሚባል ግን አላየሁም» እለዋለሁ። ስቆ ስቆ ሲጨርስ ዝም ይላል። ያንን ዝምታውን እወደው ነበር።

ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ለእናቱ የነገራቸው ጊዜ እኔም ተጠራሁ። ሳሎናቸው የእኔን ክፍል ብዙ እጥፍ ያህላል። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ አዩኝ። ክንዴን በጣቶቻቸው ዙሪያውን ያዙት፤ ጣቶቻቸው ተገናኝተው ተረፉ።

«ልጄ፣ ድሃ ነሽ ብዬ እምቢ አልልም» አሉኝ። «እኔም ከምንም ነው የተነሳሁት። ግን ይሄ ወገብ ልጅ ይሸከማል? ያለኝ ይሄ አንድ ልጅ ነው፤ ቤቴ የሕፃን ድምፅ ናፍቆታል። ትንሽ ሥጋ አውጪልኝና ቬሎሽን በገዛ እጄ አለብስሻለሁ።»

ከማግስቱ ጀምሮ ወተት ይመጣልኝ ጀመር። በጠርሙስ፣ ትኩስ፣ ማር እንደ ልብ የገባበት። ቀያሹ ከተማ ካለ ራሱ ያመጣዋል፤ ሜዳ ከወጣ ሾፌሩ ያደርሰዋል። «የእናቴ መድኃኒት ነው፣ እስከ ታች ጨርሺው» ይለኛል። ስጠጣ ፊት ለፊቴ ቆሞ እያየኝ ፈገግ ይላል። እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔ ስጠግብ ለማየት የጓጓ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር። አንጀቴን በላው። መርዝ ቢሰጠኝም እጠጣለት ነበር ማለት ቀላል ነው፤ የእኔ ችግር የምር መርዝ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ጥማቱ የመጣው ቆይቶ ነው። ውሃ እጠጣለሁ፣ ወደ ሽንት ቤት እሮጣለሁ፣ ተመልሼ እጠጣለሁ። ጋሼ ሜትር «አንቺ ልጅ፣ ቧንቧሽ ያፈሳል እንዴ?» ይሉኛል። ቁልፍ ተካይዋ ደግሞ በዓይኗ ትጠቅሰኛለች፤ ወተቱ ሥራውን ጨርሶ ያረገዝኩ መስሏታል። እኔ ግን ቀሚሴ እየሰፋኝ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሆዴን በማሽን አየች፣ ደሜን አስመረመረች፣ ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ሐኪም ወንበሩን ከሳበ ነገር አለ ማለት ነው።

«እንቁላሎችሽ ማደግ ይጀምሩና ሳይጨርሱ ይቀራሉ» አለችኝ። «የወር አበባሽ የሚጠፋውም፣ ፀጉሩ የሚበቅለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ይባላል። ስኳርሽም ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት።»

«እኔ እኮ ቀጭን ነኝ» አልኳት።

«በሽታው ሚዛን ላይ እያወጣ አይመርጥም። እንዲያውም ቀጭን ስለሆንሽ ነው ማንም ያልፈለገልሽ። ሰውነትሽ ስኳሩን መጠቀም አቅቶት በሽንትሽ እየወጣ ነው፤ የምትከሺውም ለዚህ ነው። ጣፋጭ ታዘወትሪያለሽ?»

ጠርሙሱ ዓይኔ ላይ መጣ። «አልፎ አልፎ» ብዬ ዋሸሁ። ቀጥዬ «ልጅስ?» አልኩ።

«ሊከብድሽ ይችላል። ከበደ ማለት ግን አይሆንም ማለት አይደለም፤ በሕክምና የወለዱ ብዙ አሉ። አሁን መጀመሪያ ስኳሩ። ጣፋጭ የሚባል ነገር አትንኪ። ለሚቀርብሽም ሰው ንገሪ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

መድኃኒቴን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ወደ ሥራ ስመለስ ጠርሙሱ የስፌት ማሽኔ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ገና ትኩስ ነው።

ብደፋው ይሻለኝ እንደነበር አውቃለሁ። እናንተም አሁን «አንቺ ቂል፣ ድፊው እንጂ!» እያላችሁ ነው። ግን ከሥራ ስንወጣ ይደውልና «ጨረስሽው?» ይለኛል፤ እሱን መዋሸት ደግሞ አልሆነልኝም። ሐኪም እዋሻለሁ፣ እሱን አልዋሽም፤ ሞኝነቴ እንዲህ የተመራረጠ ነው። የስኳሩን ነገር ብነግረው የቀረውም ተከትሎ ይወጣል፤ አንዱን ክር ሲስቡት ሌላው ይተረተራል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ጠጣሁት። ሆዴም ፈጀው።

አንድ እሁድ ግን ልነግረው ቆረጥኩ። ክፍሌ መጥቶ በሁለተኛው ብርጭቆ ሻይ እየጠጣ ነው።

«ልጅ ባይኖረን ምን ትላለህ?» አልኩት፣ ቀልድ አስመስዬ።

«ሦስት ነው የሚኖረን» አለና ሳቀ። «ትልቋ አንቺን ትመስላለች። ሁለቱ የእናቴን ቤት ይገለብጡታል።» ከዚያ አብሬው እንዳልሳቅሁ አየ። ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ምነው? መውለድ አትፈልጊም እንዴ? ሰውነቴ ይበላሻል ብለሽ ነው?»

ሰውነቴ ይበላሻል! ያን ሁሉ ጊዜ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ያየው ይሄንን ነው? ዝም ስል እውነት መሰለው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳና በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶት ሄደ። ደርግሞት ቢሄድ ይሻለኝ ነበር።

የእኔ ቬሎ የተቆረጠው ወተቱ በተጀመረ ሰሞን ነው። ጨርቁን የመረጡት እናቱ ናቸው። ጋሼ ሜትርንም «ሰፋ አድርገው ይቁረጡት፣ ትወፍራለች» ብለው አዘዋል። ስለዚህ ያ ልብስ ስሙ የእኔ ይሁን እንጂ የተሰፋው ገና ልትመጣ ለምትጠበቅ አንዲት ወፍራም ሴት ነበር።

የመጨረሻው ልክ የሚታይ ቀን እናቱ መጡ፣ ቀያሹም አብሯቸው። ከዚያ እሁድ ወዲህ አልደወለልኝም። ገብቶ አየኝ። ዓይኑ ይቅርታ ይጠይቀኝ ይሁን ይውቀሰኝ ሳለይ እናቱ «ወንድ ቬሎ ቀድሞ ካየ ገድ የለውም!» ብለው ከመጋረጃው ወዲያ ገፉት። መጋረጃው ወለል አይደርስም። የሜዳ ጭቃ የደረቀበት ጫማው ከሥር ይታየኛል።

ለበስኩ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ያለ ጥጥ። ቬሎው ከትከሻዬ ሊንሸራተት ደረሰ። ጋሼ ሜትር ወገቤን ለኩ፣ አነበቡ፣ ፈቱት፣ መልሰው ለኩ። በሰው ልክ ሲጠራጠሩ አይቻቸው አላውቅም። «እንዴ! ከመጀመሪያው እኮ ቀንሳለች» አሉ ለራሳቸው።

«እስቲ ወዲህ» ብለው እናቱ ሜትሩን ተቀበሏቸው። ለክተውኝ ሲጨርሱ ፊታቸው ሌላ ሆነ።

«ወተቴን የት ነው የምትደፊው?»

«እማማ…»

«ንገሪኝ! በእጄ አፍልቼ፣ በእጄ ማር ጨምሬ፣ ልጄን እንደ ተላላኪ እያመላለስኩ የላክሁልሽን የት ነው የምትደፊው? ወገቧ እንዳይሰፋ! ቅርጿ እንዳይበላሽ! ሰው ሲያቀርቡት እንዲህ ነው?»

ቁልፍ ተካይዋ አንገቷን ደፋች። ጋሼ ሜትር የሚይዙት አጥተው መቀሳቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። እኔ ጫማውን አየሁ። አንድ ቃል ይወጣዋል ብዬ ጠበቅሁ። «እማዬ፣ ስትጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ» ቢል ይበቃኝ ነበር። ስንቴ ቆሞ አይቶኛል! ጫማው ካለበት ንቅንቅ አላለም፣ እሱም ትንፍሽ አላለም።

ያኔ ሆድ ባሰኝ።

«አልደፋሁም» አልኩ። «አንዲት ጠብታ አልደፋሁም፣ እማማ። እስከ ታች ጠጥቼዋለሁ። የከሳሁት ስለጠጣሁት ነው።»

«ምንድን ነው የምትለው ይቺ?»

«ስኳር አለብኝ። ሐኪም ጣፋጭ አትንኪ ብላኝ እኔ የእርስዎን ማር በየቀኑ ጠጣሁ፤ እንዲወዱኝ ብዬ።» ከጀመርኩት አይቀር አልኩና ትንፋሼን ሳብኩ። «ሌላም አለ። የወር አበባዬ አይመጣም። እንቁላሌ በወጉ አያድግም። መውለድ ሊከብደኝ እንደሚችል ተነግሮኛል።» ከዚህ በኋላ የተናገርኩት ለእሳቸው አልነበረም፤ ወደ መጋረጃው ነው። «ሰውነቴ ይበላሻል ብዬ አይደለም! ተበላሽቶብኝ ነው የኖረው። ከላይ ስለማያስታውቅ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ!»

ሁሉም ማሽን ቆሟል። ሜትሩ ከእናቱ እጅ ወደቀ። እኔ ዓይኔን ከመጋረጃው ሥር አልነቀልኩም። ጫማው አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ። ግባ፣ አልኩት በሆዴ። ገድ ባይኖረውም ግባ። ጫማው ቆመ፣ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ። ደረጃውን ሲወርድ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ቬሎ ለብሼ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ወተት መምጣቱ ቀረ። ስልኬ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ፤ መልእክት ነው። «ሜዳ ነኝ። አልጠላሁሽም። የምለው ጠፍቶኝ ነው፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» ይላል። ጊዜ! እኔ ቤት የተትረፈረፈ ነገር ቢኖር ጊዜ ነው። «ውሰድ» ብዬ ጻፍኩለት።

መድኃኒቴን በሰዓቱ መዋጥ ጀመርኩ። ጥማቱ ቀለል አለልኝ። ሐኪሟ «ጎበዝ!» አለችኝ። ጎበዝ ነኝ እንግዲህ፣ ምን ይደረግ። ከሥራ ስወጣ «ጨረስሽው?» የሚለኝ የለም። ሁለተኛውን ብርጭቆ አጥቤ ደፍቼ አስቀመጥኩት፤ በማግስቱም አጠብኩት፣ ማን እንደጠጣበት እንጃ። ሥራ ቦታም መርፌ የሚለኝ ጠፋ። ሁሉም በአንድ ጊዜ «እህቴ»፣ «ልጄ» ሆነ። ሰው ሲያዝንልሽ ቀልድሽን ሳይቀር ይቀማሻል። ጋሼ ሜትር ውሃ ስጠጣ እንኳ አይተርቡኝም፤ ያ ቧንቧ የሚሉት ተረባቸው ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየጣለ እናቱ ብቻቸውን መጡ። ደረጃው አድክሟቸዋል። ጋሼ ሜትር ሊነሱ ሲሉ «ይቀመጡ፣ ዛሬ በዳንቴል ጉዳይ አይደለም» አሏቸው። ከማሽኔ አጠገብ ያለችው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጡና ከቦርሳቸው ጠርሙሱን አወጡት። ሳየው ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ።

«ማር የለበትም» አሉኝ ቶሎ ብለው። «ሐኪም ጋ ሄጄ ስኳር ላለባት ልጄ ምን ልስጣት ብዬ ጠይቄያለሁ። ማር የሌለበት ከሆነ አንድ ብርጭቆ አይጎዳትም ብሎኛል።» የጠርሙሱን ክዳን ነካ ነካ አደረጉ። «ልጄ ነው ያልኩት። ሌላ ምን ልበል?»

እሳቸው ጉልበታቸውን እያሻሹ ቀጠሉ።

«እሱን እስክወልድ ድረስ ስንት ዓመት መሃን ሲሉኝ ኖሬያለሁ። የባሌ እናት እስከ ዕለተ ሞቷ ከእጄ ውሃ አልተቀበለችኝም። ያንን ያየሁ ሴት ነኝ ክንድሽን ይዤ የለካሁሽ። ሰው ለካ የተመታበትን ዱላ አይጥለውም፤ ሌላ ሊመታበት ያስቀምጠዋል።» እንባቸው ሲወርድ አልጠረጉትም። «ይቅር በዪኝ።»

«እሱስ?» አልኩ። ልጠይቅ አልነበረም፤ አፌ ቀደመኝ።

ጠርሙሱን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ትናንት ተመለሰ። ይዤው ልመጣ ነበር። ‹ልጅ እፈልጋለሁ እማዬ፣ ምን ላድርግ?› አለኝ። ሊከብዳት ይችላል ተባለ እንጂ አይሆንም አልተባለም አልኩት። ‹ባይሆንስ?› አለኝ። ምን ልመልስ? ከልጅነቱ ጀምሮ የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያልኩ ጆሮው ላይ የጮህኩት እኔ። የዘራሁትን አጨድኩ። ‹አልመጣም፣ አንቺ ንገሪልኝ› አለኝ።»

ያኔ አለቀስኩ። የተወኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መጥቶ የነገረኝ እሱ ስላልሆነ ነው። ሸለቆ ወርዶ ተራራ ወጥቶ አገር የሚለካ ሰው፣ ከመጋረጃው እስከ እኔ ያለችው መሬት አቃተችው። እናቱ ሳይጠይቁኝ ራሴን ደረታቸው ላይ አስደገፉት። የመጋዘን ጨርቅ ይሸታሉ። እሱም አንዳንዴ እንደዚያ ይሸት ነበር፤ ይሄ ነገር ይብስ አስለቀሰኝ።

ሊሄዱ ሲነሱ ቬሎው ጥግ ላይ ተሰቅሎ አዩት። ጋሼ ሜትር ፈራ ተባ እያሉ «እንግዲህ ልፍታውና ጨርቁ ወደ መጋዘን ይመለስ?» አሉ።

«ማን ይመለስ አለዎት? ትርፉን ቆርጠው ይጣሉት። በልኳ ያጥብቡት።»

«ለየትኛው ሠርግ?»

«ሠርግ አልኩ እንዴ? የእሷ ነው አልኩ እንጂ። እኔም በእጄ አለብስሻለሁ ብያታለሁ፤ ቃል ቃል ነው።»

ጋሼ ሜትር የያዙትን ሥራ ትተው እዚያው ፈታቱት። መቀሳቸው ትርፉን ሲቆርጥ ያቺ ልትመጣ የነበረችው ወፍራም ሴት ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ሆና ቀረች። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እናቱ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ከዚያ ቬሎውን በራሴ አጠለቁልኝና ዚፑን ከጀርባዬ እስከ ላይ ሳቡት። «ውይ፣ ሲያምርብሽ!» አለች ቁልፍ ተካይዋ፣ አፏን በእጇ ይዛ።

እውነቷን ነው፣ አምሮብኛል። ስንት ዓመት እዚያ መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን ወገብ ገና ማየቴ ነው። ከዚያ ልማድ ሆኖብኝ ዓይኔ ወደ መጋረጃው ሥር ወረደ። ጫማው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ የደረቀ የሜዳ ጭቃ ፍርፋሪ አለ። ወለሉን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ እየዘለልኳት ነው የሰነበትኩት።

ጋሼ ሜትር እንባዬን ሲያዩ መርፌያቸውን ይዘው ጠጋ አሉ። «ምነው ልጄ፣ የት ጋ ያዘሽ? ላላልልሽ?»

«የትም አልያዘኝም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ልኬ ነው።»